ገመድ ላይ ያለ ሰው

ከሾታ መንደር፣ ከሴርኩ ወንዝ ዳር
በእሳት ውሻ ዓመት፣ በመጀመሪያው ወር፣ በዐሥረኛው ቀን

በካሊምፖንግ በሱፍ ነጋዴዎች ግቢ ለሚኖረው ለእህቴ ልጅ ለሎዳክ፣

ሦስቱ ክቡራን ዕድሜህን እንደ ወንዛችን ያርዝሙልህ። የተራራችን የነጩ አያት ጥላ ካለህበት ድረስ ይከተልህ። የቆላው ሙቀት እንደምን ይዞሃል? እኔ አክስትህ ዩድሮን በሕይወት አለሁ። ከዚህ በላይ ደህንነት አትጠይቀኝ።

ወንድምህ ቶብጌ ሞቷል። ይህን የሚጽፍልኝ መነኩሴ «እንዲህ ዱብ አይደረግም፤ መጀመሪያ ስለ ከብቱና ስለ በረዶው ይነገራል» ብሎ ብዕሩን አንሥቶ ነበር። ከብቱ ደህና ነው፣ በረዶውም ወርዷል፣ አሁን ጻፍ አልኩት።

አዲሱ ዓመት በገባ በሦስተኛው ቀን እንደ ወጉ ለነጩ አያት ፍላጻ ልንተክል ወጣን፤ እኛም ከዚህ ዳር፣ የጋሩ ሰዎችም ከማዶ። የመጀመሪያውን ፍላጻ የመትከል ተራ ዘንድሮ የእኛ ነበር። እነሱ ግን አምና በረዶ ጥሎ ስለነበር የእነሱ ተራ አልተቆጠረም ብለው መጡ። ተራራው ላይ በረዶ እንደሚጥል ገና ዛሬ የሰሙ ይመስል። ቶብጌን ታውቀዋለህ፣ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ከቁመቱ የሚበልጠውን ፍላጻ ተሸክሞ ሮጠና ከድንጋዩ ቁልል ላይ ሰካው። ኖርጌ፣ ያው ልጆች ሳላችሁ ጨው ይዞ እየመጣ ከቤታችን ያድር የነበረው የጋሩው ኖርጌ፣ ነቅሎ በጉልበቱ ሰበረው። ቶብጌ ስባሪውን አንሥቶ ፊቱን ገመሰው። ኖርጌ ጩቤውን መዘዘና ከጎድኑ በታች ሰደደበት። አንዴ ብቻ አይደለም።

ቶብጌ ሆዱን በሁለት እጁ ይዞ ተቀመጠ። «ውሃ» አለኝ፤ በረዶ በእፍኜ አጎረስኩት። ፀሐይ ከሸለቆው እስክትሸሽ ድረስ ነፍሱ አልወጣችም። ያጨስነው ጥድ ገና እየነደደ፣ ደሙ ለተራራው ባቀረብነው ቅቤና በሶ ላይ እየፈሰሰ፣ የእናታችሁን ስም እየጠራ ሞተ።

ኖርጌ ወደ ወንዙ መሻገሪያ ገመድ ነው የሮጠው። የመንሸራተቻ እንጨቱን ገመዱ ላይ ጥሎ፣ ወገቡን በጠፍር አስሮ፣ ራሱን ወደ ወንዙ ወረወረ። ጠብመንጃ ያነገቱ የሾታ ወንዶች ደርሰው ነበር። ከውሃው በላይ እንደ ሙዳ ሥጋ ተንጠልጥሎ ሲሻገር አዩት፤ ሁሉም አፈሙዛቸውን ወደ መሬት መለሱ። ገመድ ላይ ያለ ሰው የወንዙ እንግዳ ነውና አይተኮስበትም። እኔ ተኩሱ እያልኩ ጮህኩ። የመንደራችን ሹም «አክስቴ፣ ወንዙን አታስቆጪብን» አለኝ። በዚህ ሸለቆ ሚዳቋ መግደል ክልክል ነው፤ ገመድ ላይ ያለ ሰው መግደል ክልክል ነው፤ ቶብጌን መግደልን ግን ማንም አልከለከለም።

ሬሳውን እንደ አገራችን ወግ ለአሞሮቹ ሰጥተናል። ደም የነካውን ሸሚዙን ከቤታችን ምሰሶ ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ ደሙ ሳይመለስ አይወርድም። ከቤታችን የቀረህ ወንድ አንተ ነህ። እንግሊዞቹ በጦርነቱ ጊዜ የተዉት ጠብመንጃ ካሊምፖንግ ሞልቷል ይላሉ ሲራራዎቹ። አንድ ደህና ገዝተህ ና።

አክስትህ ዩድሮን


ከካሊምፖንግ
በእሳት ውሻ ዓመት፣ በአራተኛው ወር፣ በሃያ ስምንተኛው ቀን

ለአሳዳጊዬ፣ እንደ እናት ለማከብርዎት ለአክስቴ ለዩድሮን፣

ጤናዎ እንደ በረዶው ተራራ የጸና ይሁን። ጉልበትዎን እንደምን ይዞዎታል? እኔ በእርስዎ ጸሎት ደህና ነኝ።

ደብዳቤዎ ጫፉ በዝናብ ርሶ ደረሰኝ። የሱፍ ክምር መሃል ተቀምጬ አነበብኩት፤ ጌታዬ እንዳይሰማኝ አፌን ሱፉ ውስጥ ቀብሬ ጮህኩ። ቶብጌን እዚያ ብርድ ላይ ተቀምጦ፣ እርስዎ በረዶ ሲያጎርሱት፣ አሁንም አየዋለሁ። ወንድሜ ነው፤ ሆዴ ተቃጥሏል።

አሞሮቹ ቶሎ ወረዱ? አጥንቱን ሁሉ ጨረሱት? ለሙታን የሚነበበውን መጽሐፍ ያነበበለትስ ማን ነው? እባክዎ ይጻፉልኝ። የኮኩ ዛፎች አሁን አብበው አልፈው ይሆናል። በብርዱ ወራት ወንዙ አረንጓዴ ሆኖ ድንጋዮቹ እስከ ሥር ድረስ ሲታዩ፣ ቶብጌ ከላይ ምራቁን እየተፋ ዓሦቹን «ወጥታችሁ ተዋጉ» ሲላቸው ትዝ ይለኛል። እዚህ አገር ያለው ወንዝ ሁሉ ጭቃ ነው።

ይህ ወር የተቀደሰ ስለ ሆነ ስለ ደም መጻፍ አልፈልግም። በዚህ ሲራራ የቅቤ መብራት የሚበራበት ብር ልኬያለሁ፤ የሐዘኑ አርባ ዘጠኝ ቀን ቢያልፍም ለነፍሱ ያብሩለት። ለእርስዎም ጥቁር ሱፍ ልብስ አለበት። ሽማግሌ አልመጣም ወይ? የገዳሙ መጋቢ ምን ይላሉ?

ልጅዎ ሎዳክ


ከሾታ
በእሳት ውሻ ዓመት፣ በሰባተኛው ወር፣ በሃያኛው ቀን

ለእህቴ ልጅ ለሎዳክ፣

ክቡራኑ ይጠብቁህ፤ ዓይንህን ያብሩልህ፤ ልብህንም ትንሽ ያጠንክሩልህ። እኔ ደህና ነኝ።

ደብዳቤህን መነኩሴው ሦስት ጊዜ አነበበልኝ። ጠብመንጃ የሚል ቃል አለበት ወይ አልኩት። የለም አለኝ። እመጣለሁ የሚልስ? የለም። ስለ ኮክ አበባ ግን ጽፏል አለኝ። አበባውን ከምሰሶው ሸሚዝ አጠገብ ልሰካልህ እንዴ?

አሞሮቹ ቶሎ ወርደዋል፤ አጥንት አላስተረፉም። ይኸው ነገርኩህ። መብራቱን አበራሁ ብዬ ግን አልዋሽህም። በላክኸው ብር ጥይት ገዛሁበት። ጠብመንጃው የቶብጌው አለ፤ እኔው እየወለወልኩ አስቀምጬዋለሁ። መነኩሴው ይህን አልጽፍም አለ። እንግዲያው ሻዬንም አትጠጣ አልኩት። ሻዬን ይወዳል።

አሁን በገመዱ የሚሻገር የለም። የሲራራው መንገድ በጋሩ በኩል ስለ ሆነ ደብዳቤህ በላይኛው መልካ ዞሮ ነው የደረሰኝ። ገብሱ ሲደርስ የእኛ ልጆች መልካውን ተሻግረው የጋሩን ሁለት ወንድማማቾች እርሻቸው ላይ አገኟቸው። አንዱ አመለጠ፤ አንዱን በራሱ ማጭድ አንገቱን ቀሉት። ጎሕ ሲቀድ ጋሩዎች መጥተው ወፍጮአችንን አቃጠሉ፤ ወፍጮ ጠባቂውን በሩን ዘግተው ከነእህሉ። ለስንት ቀን በሶአችን የሚሸተው እሱን ነበር። ወንዙ ዘንድሮ ከመቼውም በላይ ሞልቶ ሲያገሳ ያድራል፤ ሰዉ ተቆጥቷል ይላል። ይቆጣ። እኔም ተቆጥቻለሁ።

የገዳሙ መጋቢ መጥተው ነበር። ኖርጌ የደም ካሳውን ይከፍላል፤ የሚታለብ ያክና ፈረስ ይሰጣል፤ ራሱ በገመዱ ተሻግሮ ነጭ የሐር ሻሽ በእጁ ይዞ ደጃችሁ ላይ ይሰግዳል፤ በዚያው ይብቃ አሉኝ። የቶብጌን ነፍስ ወተት አድርጌ ልጠጣት ነው ወይ አልኳቸው። ያፈላሁላቸውን ሻይ ከፊታቸው አንሥቼ ለውሻው ደፋሁት። እሳቸውም ሳይቆጡ «ዩድሮን፣ ካሳ የሚቀበልም የሚመልስም የቤቱ ወንድ ነው። የቤቱ ወንድ ይናገር» አሉኝ። የቤቱ ወንድ ሱፍ እየደለደለ ነው አልኳቸው።

ለአንተም እንደሚጽፉ ነግረውኛል። እንቢ በላቸው። አንዲት ቃል ናት፤ ብዙ ቀለም አትፈጅም።

አክስትህ ዩድሮን


ከካሊምፖንግ
በእሳት ውሻ ዓመት፣ በዐሥረኛው ወር፣ በአምስተኛው ቀን

ለአክስቴ ለዩድሮን፣

ሰላምዎ ይብዛ፤ ደጅዎ ክፉ አይይ። ይህን ደብዳቤ ከመጀመሬ በፊት ስንት ወረቀት እንደ ቀደድኩ ባወቁ ይሥቁብኝ ነበር።

እስካሁን ያልነገርኩዎት ነገር አለ። በስድስተኛው ወር ከሱፍ ጭነት ጋር ወደ ካልካታ ወርጄ ነበር። እዚያ ሳለሁ ከተማው በሃይማኖት ተከፍሎ እርስ በርሱ ተፋጀ። ከመጋዘናችን ፊት ለፊት ሻይ የሚሸጥ ሽማግሌ ነበር፤ በየማለዳው «ደገኛው፣ ቅቤ የለኝም፣ እንዲሁ ጠጣ» እያለ ይቀልድብኛል። ጎረቤቱ፣ ግድግዳ የሚጋራው ልብስ ሰፊ፣ በመቀስ ገደለው። በሱፍ ክምሩ መሃል ተደብቄ በጣውላው ሽንቁር አየሁት። ሽማግሌው መጀመሪያ የሚቀልድበት መስሎት ሣቀ። ልብስ ሰፊው ሲጨርስ መቀሱን በራሱ ልብስ ጠርጎ ተቀምጦ አለቀሰ፤ ሌሎች መጡና እሱንም በዱላ ጭንቅላቱን አፈረሱት። ለምን ብዬ ጠየቅሁ። እነሱ ስለ ገደሉን ነው አሉኝ፤ እነዚያም ያንኑ ይላሉ።

በእኛ አገር አሞራ ሲወርድ መነኩሴ ይጸልያል፣ ሰው ቆሞ ይሸኛል። እዚያ አሞሮቹ ከመጥገባቸው የተነሣ መብረር አቅቷቸው በመንገዱ ላይ ይንከላወሱ ነበር። ጋሪ ሲመጣ እንኳ አይነሡም። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ወፍጮ ጠባቂው እንዴት እንደ ሞተ ሲጽፉልኝ፣ ሽታው ከወረቀቱ መጣብኝ።

አክስቴ፣ እፈራለሁ። ለራሴም ለእርስዎም እፈራለሁ። ፈሪ ይበሉኝ፤ ቶብጌም ቢኖር ይለኝ ነበር። እኔ ኖርጌን ብገድል የኖርጌ ታላቅ ወንድም ራብጋ እኔን ይገድላል፤ ከዚያ እርስዎ የማንን ሸሚዝ ይሰቅላሉ?

ስለዚህ ለመጋቢው እሺ ብዬ ጽፌያለሁ። ደብዳቤዎቹን የሚያደርሰው አንድ ሲራራ ነውና ይህን ሲያነብቡ እሳቸውም የኔን ቃል ሰምተዋል። ኖርጌ ሻሹን ይዞ ሲሻገር ከደጅዎ ይቁም፤ ይስገድ፤ ይሂድ። ሻይ ይስጡት አልልም። ፊትዎን ወደ ግድግዳው ቢያዞሩም ይበቃኛል። ጥይቱን ለመጋቢው ያስረክቡልኝ።

ሱፉ ሲያልቅ በአምስተኛው ወር እመጣለሁ፤ የሚበቀል ሆኜ አይደለም፣ ገብሳችንን የሚያርስ ሆኜ ነው። እዚህ አንዲት ልጅ አለች፣ ስሟ ኖርዚን ነው። እርስዎን እንዳትፈራ እያለማመድኳት ነው።

ልጅዎ ሎዳክ


ከሾታ
በእሳት አሳማ ዓመት፣ በሁለተኛው ወር፣ በዘጠነኛው ቀን

ሎዳክ፣ አትምጣ።

ሰላምታ አስቀድሚ አለኝ መነኩሴው። አትምጣ። ይህ ነው ሰላምታዬ።

ደብዳቤህ በደረሰ በሳምንቱ መጋቢው ሰው ላኩ፦ ነገ ረፋዱ ላይ ኖርጌ ይሻገራል፣ ደጅሽን ጠርገሽ ጠብቂ። ልቤ ነደደ። እርቁ በነጩ አያት ስም ከታሰረ በኋላ ማንም እጁን ማንሣት አይችልም፤ ቶብጌ ለዘላለም የያክ ዋጋ ሆኖ ቀረ ማለት ነው። አንተን ረገምኩ። ጠብመንጃውን ከለምዴ ሥር ይዤ የገመዱ ራስ ዘንድ ወረድኩ። የእኛ ሰዎች ካሳውን ሊቀበሉ በመልካው በኩል ወጥተው ነበርና ብቻዬን ነበርኩ።

ጥሩ ቀን ነበር። ፀሐይ ወጥታለች፤ ወንዙ አረንጓዴ ሆኗል። ኖርጌ ከማዶ መንሸራተቻውን ገመዱ ላይ ጥሎ መጣ። ሁለት እጁ ጠፍሩ ላይ ነው፤ ሻሹ በጉያው ነጭ ሆኖ ይታያል። ወንዙ መሃል ሲደርስ አየኝ።

«ዩድሮን! ብቻሽን ነሽ? ሻይ አፍልተሻል ወይስ ሰድበሽ ነው የምትሸኚኝ?» አለኝ።

የድሮ ድምፁ ነው፣ ጨው ይዞ ሲመጣ የነበረው። ተኮስኩ። ደረቱን መታሁት። የመምጫው ገመድ ወደ እኛ ያዘቀዘቀ ስለ ሆነ አልቆመም። ጠፍሩ እንዳሰረው፣ እግሩ እየተወዛወዘ፣ ደሙ ወንዙ ላይ እየተንጠባጠበ፣ ተንሸራቶ መጥቶ እግሬ ሥር አረፈ። ዓይኑ ክፍት ነበር። እየሞተ ወደ ቤቴ የመጣ እንግዳ ሆነ። ጠፍሩን የፈታሁለት እኔው ነኝ፤ ቋጠሮው እንቢ ብሎኝ በጥርሴ ነው የፈታሁት።

ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ሸሚዙን ከምሰሶው አወረድኩና ተቀመጥኩ፤ ምንም አልመጣልኝም።

አሁን ወንዙ ላይ ገመድ የለም። እነሱም እኛም፣ ረከሰ ብለን በየዳራችን ቆርጠን ጣልነው፤ ውሃው ወሰደው። መጋቢው የገዳሙን በር ዘጉብኝ። የሾታ ሰዎች ስገናኛቸው ፊታቸውን ያዞራሉ። ሹሙ «አክስቴ» ማለቱን ትቶ «አንቺ» ይለኛል። ይሁን፣ ይገባኛል። ራብጋ ግን ፀጉሩን ፈትቶ ከማዶ ወንዙ ዳር ቆመና በጩኸት ነገረኝ። «ዩድሮን፣ በሴት እጄን አላነሣም። ሎዳክ እርሻውን ሊያርስ ይመጣል አሉ። መንገዱ በኔ ደጅ ነው» አለ። በአንገቱ ላይ የወንድሙን ሻሽ አስሮታል።

ለኖርጌ አላለቅስም፣ መነኩሴው ቢቆጣም አላለቅስም። አንተን ነው የፈራሁት። በአምስተኛው ወር እመጣለሁ ብለሃል፤ ጊዜ አለ። ይህ ደብዳቤ በላይኛው መንገድ ቢሄድ ራብጋ ስለሚይዘው በታችኛው፣ በሻይ ነጋዴዎቹ በኩል ይሄዳል፤ ቢዘገይም ይደርስሃል። እዚያው ቅር። ስምህን ለውጥ። ልጅቷን አግባት። ወንድ ልጅ ብትወልድ የዚህን ሸለቆ ስም አታስተምረው። ምንም አትላክልኝ፣ መብራትም ልብስም አልፈልግም። መኖርህን ብቻ በሰው አፍ አሰማኝ።

ዩድሮን

እኔ ጸሐፊው መነኩሴ ከራሴ አንድ መስመር እጨምራለሁ። ያጻፈችው ሁሉ እውነት ነው። በተማርኩት ፊደል ሁሉ እለምንሃለሁ፣ አትምጣ።


ከሴርኩ መግቢያ፣ ከተራራው በር ሥር
በእሳት አሳማ ዓመት፣ በሦስተኛው ወር፣ በሃያ ሁለተኛው ቀን

ለውድ አክስቴ ለዩድሮን፣

እጅ ነሥቻለሁ፤ ጤናዎን እንደ ሁልጊዜው ከሩቅ ሳይሆን ነገ ከነገ ወዲያ ቀርቤ እጠይቃለሁ።

ይደነግጣሉ አይደል? በአምስተኛው ወር ያልኩት እኔ ነኝ። እስከዚያ መቆየት አልቻልኩም። የመጋቢው መልስ በዚህ ዓመት በመጀመሪያው ወር በፈጣን ፈረሰኛ ደረሰኝ፤ እርቁ ተስማምቷል፣ ኖርጌ ይሻገራል የሚል ነበር። ያንኑ ሳምንት ጌታዬን ተሰናብቼ ወደ ላይ ከሚወጡ በቅሎዎች ጋር ተነሣሁ። ከእርስዎ ያገኘሁት የመጨረሻ ደብዳቤ የሰባተኛው ወሩ ነው። ከዚያ ወዲህ ጽፈው ከሆነ ካሊምፖንግ ቆይቶ ይጠብቀኛል። ዝም ያሉትም ተቆጥተው ይሆናል። ይቆጡ፤ ፊት ለፊት ሲሰድቡኝ መስማት ናፍቆኛል። ኖርዚን በመከሩ ጊዜ ትከተለኛለች።

ዛሬ የተራራውን በር ስወጣ ነጩ አያት ከነሙሉ በረዶው ብቅ አለ። ከበቅሎዬ ወርጄ መሬት ላይ ተደፋሁ፤ ነጋዴዎቹ ሣቁብኝ። ከታች ወንዙ ይታያል፤ አበባው ከሁለቱም ዳር ሮዝ ሆኖ ወርዷል። አንድ አጋዘን መንገዱ መሃል ቆሞ ሰው ነው ብሎ እንኳ አልሸሸም። ገመዱ ላይ መንሸራተት ረስቼው ይሆን እያልኩ ስፈራ ነበር የመጣሁት፤ ከላይ ሆኜ ፈለግሁት፣ እዚያ ቦታ ላይ ጭጋግ ስለ ነበር አላየሁትም።

ከበሩ ሥር ያገኘሁትን ሰው ብነግርዎት አያምኑኝም። ራብጋ ነው፣ የኖርጌ ወንድም። ከሦስት ሰዎች ጋር እሳት አንድደው ሰፍረዋል። ቶብጌን ስለምመስል ገና ከሩቅ ለየኝ። በቅሎዬን ወደ ኋላ ልመልስ ነበር፣ አልደብቅዎትም። እሱ ግን ተነሥቶ የበቅሎዬን ልጓም ያዘልኝ። «ሎዳክ ነህ? ስንጠብቅህ ነው የከረምነው» አለኝ። ለካ የእርቅ ሰው እንዲህ መንገድ ወጥቶ ይቀበላል። ከራሱ ዋንጫ በሶ አቡክቶ ሰጠኝ፤ እሱ ግን ጦም ነኝ ብሎ አልቀመሰም።

ፀጉሩን ፈትቶ ለቆታል። ማን ሞቶብህ ነው አልኩት። «ቤት ስትደርስ ትሰማለህ» አለኝ፤ አልጨቀጨቅሁትም። ኖርጌስ ደህና ነው አልኩት። «ደህና ነው፣ አንተን ነው የሚጠብቀው» አለኝ። ብዙ የሚናገር ሰው አይደለም። ጠብመንጃ ይዘህ እንደሆን ለጥበቃ እኛ እንያዝልህ አለኝ። ጠብመንጃ የለኝም፣ ጩቤም ካሊምፖንግ ትቻለሁ አልኩት። ሰዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። አመኑኝ መሰለኝ።

ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልዎ ከሰዎቹ አንዱ ነው። እኔ መቅደም ፈልጌ ነበር፤ ራብጋ ግን «ደብዳቤው ይቅደም፣ አክስትህ ትወቅ» አለ። ነገ ማልደን አብረን እንወርዳለን። እርስዎም ወደ ወንዙ ወርደው ከዚያ ዳር ይቁሙልኝ፤ ከማዶ እንዲያዩኝ እፈልጋለሁ።

ልጅዎ ሎዳክ